መንገድ ማስረዘሚያ

በእኛ አገር፣ ከሚኒያፖሊስ በስተ ሰሜን፣ ኅዳር ሲገባ ወንዱ ሁሉ ጠመንጃውን ወልውሎ፣ ብርቱካናማ ካፖርቱን ደርቦ፣ አጋዘን ፍለጋ ጫካ ይገባል። የብረት ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ከተማችን ሰው የበዛባት አይደለችም። በኅዳር ግን ውሻ እንኳ የሚጮኽበት ሰው ያጣል። የሚቀረው ሴትና ሽማግሌ ነው።

እኛ ሴቶቹ ያንን ወር ልብ ወለድ የምንጽፍበት አደረግነው። ነገሩ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ወር አገር ምድሩ ይጽፋል። ደንቡ አጭር ነው። ወሩ ሲብት ትጀምሪያለሽ፣ ወሩ ሳይወጣ ሃምሳ ሺህ ቃል ትሞያለሽ፣ በቃ። ሽልማት የለው፣ አንባቢ የለው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚልሽም የለም፤ የሚቆጠረው ቃሉ ብቻ ነው። እኔ ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድንች ስልጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለእኔ ቢጤ እንዲህ ያለ ደንብ የት ይገኛል ልጆቼ! ከሱቅ ዝርዝር በቀር ጽፌ የማላውቀው ሰውዬ፣ ማለቴ ሴትዮ፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስለተገደለ ሰው አንድ መጽሐፍ ጀመርኩ።

የምንሰበሰበው በቤተ መጻሕፍቱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት። አለቃችን ሉአን ነበረች፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትስቅ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የሚዘል ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የላም ቃጭል አለች፤ ቃጭሏን ስታንቃጭል ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን እንጽፋለን፣ ደግማ ስታንቃጭል እናቆማለን፣ ማን እንደበለጠ እንቆጥራለን። ያሸነፈች ብስኩት ትበላለች። ያላሸነፈችም ትበላለች።

ቃል ማብዣ ዘዴውን ያስተማረችን እሷ ናት።

«‘ጆን መጣ’ ብላ የጻፈች ሴት እንዳላይ!» ትላለች። «‘በጎረቤቶቹ ዘንድ አጭሩ ጆኒ እየተባለ የሚጠራው የሃሮልድ ልጅ ጆን ፒተርሰን መጣ’ በሉ። ሰውዬው ገና ሳይቀመጥ አንድ መስመር በላላችሁ!»

«ደግሞ ሲሄድስ?» አልኳት።

«ሲሄድም እንዲሁ! ሙሉ ስሙን ይዞ የመጣ ሰው ሙሉ ስሙን ይዞ ይሄዳል።»

ሌላም ነበራት። በየመጽሐፉ ጆሮው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ መግባት አለበት፤ ሰው የተናገረውን ሁሉ ሁለቴ ያስብላል። ሰው ከበላ ምግቡ እንዴት እንደተሠራ ከነጨውና ከነቅቤው ይነገር። ቄስ ብቅ ካለ ስብከቱን እስከ አሜን ይጨርስ። ዘፈን ከተነሳ ከነአዝማቹ። ሁሉም ካለቀብሽ ሰውየው ይተኛና ሕልም ይይ። እኔ መርማሪዬን ደንቆሮ አደረግሁትና ጉድ ሆንኩ፤ ገዳዩን ሊጠቁሙት በመጡ ቁጥር «ምን አልሽ?» እያለ ግማሽ መጽሐፍ ሄደ።

ቬርናን ወደዚያ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው፣ ልጆቻችንም ባንድ አውቶቡስ ነው ትምህርት ቤት የተመላለሱት። ባሏ ሬይኖ ላህቲ ማዕድን ቆፋሪ ነበር፣ ትከሻው በር የሚሞላ። ያን ጊዜ ግን አእምሮው እየከዳው ነበር። የዛሬን ይረሳል፣ የጥንቱን ያስታውሳል፤ ከጥንቱም አንዱን ነገር አጥብቆ ይዞ ሌላውን ይለቃል። ከያዘው አንዱ ልጁ ዌንደል ነው። ዌንደል በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በዚሁ በኅዳር፣ ጓደኛው ጋ ሄጄ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ላዩ ገና በስሱ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ወጣ፤ በረዶው ተሰነጠቀና ሐይቁ ዋጠው። ይሄ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ነው። ሬይኖ ልጁን አልረሳም፤ የረሳው ሞቱን ነው።

«ዌንደል የት ደረሰ?» ይላል፣ ኅዳር በገባ ቁጥር።

ቬርና በፊት በፊት እውነቱን ትነግረው ነበር። በነገረችው ቁጥር ሬይኖ እንደ አዲስ ይሰማል፣ እንደ አዲስ መሬት ላይ ይቀመጣል። በማግሥቱ ረስቶ ይጠይቃል። አንድን ልጅ ስንት ጊዜ ይቀብራሉ? ተወችው። «መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል» ትለው ጀመር። ይሄን ሲሰማ ደግሞ ሊቀበለው ይወጣል። ሁለት ጊዜ ፖሊስ ከአውራ ጎዳና ላይ አምጥቶታል። ሴት ልጃቸው ጆዲ ከሚኒያፖሊስ መጥታ ቁርጡን ነገረቻት። «እማዬ፣ ሦስተኛ ከወጣ የአረጋውያን ቤት ይገባል። አንቺም ትሞቻለሽ እንዲህ ስትሮጪ» አለች። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው።

ቬርና የአረጋውያን ቤቱን ስም ስትሰማ ፊቷ ይገረጣል። አርባ ምናምን ዓመት ካንድ ሰው ጋር የተኛች ሴት ናት።

እንግዲህ ቤተ መጻሕፍቱ ይዛው ትመጣለች። ሬይኖ እዚያ ካለው የዓሣ ማኖሪያ መስታወት አጠገብ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል፣ እሷ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ መጀመሪያ አላወቅሁም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፓስቲ፣ ያችን ሥጋና ድንች የሚሞላባት ቂጣ፣ ጋግሬ ይዤላቸው ቤታቸው ብገባ፣ ሬይኖ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ እሷ እያነበበችለት አገኘኋቸው።

«በጎረቤቶቹ ዘንድ ፈጣኑ እየተባለ የሚጠራው፣ የኦስካር ላህቲ የልጅ ልጅ፣ የሬይኖ ኦስካር ላህቲ ልጅ፣ ዌንደል ሬይኖ ላህቲ፣ የዓሣ ማጥመጃውን በትከሻው ይዞ ወደ ሐይቁ ሲሄድ አጎቱን ኡርሆን አገኘው። ‘ወዴት ነህ?’ አለው ኡርሆ። ‘ወደ ሐይቁ።’ ‘ወዴት?’ ‘ወደ ሐይቁ ነው የምሄደው አጎቴ ኡርሆ።’ ‘ወደ ማን?’...»

ሬይኖ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ኡርሆ ነው! እንዲሁ ነበር እኮ! የማዕድኑ ፍንዳታ አደንቁሮት!» ወደ እኔ ዞሮ፣ «አይሊ፣ ስሚ፣ ልጄን ኡርሆ ይዞታል፤ ዛሬ አይለቀውም» አለ።

«ኡርሆ የያዘውማ ለፋሲካም አይደርስ» አልኩ።

«ታዲያ ልቀመጣ» አለ፤ ተቀመጠም። ከሰዓቱን ሙሉ በሩን ዞሮ አላየም።

ወጥ ቤት ገብተን ሳህን ስናጥብ ጠየቅኋት። «ቬርና፣ ሐይቁ ሲደርስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አይደርስም።»

«ወር ያልቃል እኮ።»

«ወሩ ይለቅ። ቃል አያልቅም።»

«እንግዲያው ወደ ቤት መልሺዋ! መጽሐፉ ያንቺ።»

እጇን ከሳሙናው ውስጥ አወጣች። «ቤት ብመልሰው ሬይኖ ተነስቶ የዌንደልን ክፍል ይከፍታል። አልጋው ላይ ሲያጣው ምን ልለው ነው? ተይኝ አይሊ። እዚያው መንገዱ ላይ ይዋል።»

እንዲህ ነበር እንግዲህ። እኛ ለጨዋታ የያዝነው ዘዴ ለእሷ አጥር ሆነላት። ዌንደል መንገድ ላይ ቄስ አገኘ፤ ቄሱ ስለ ኖኅ መርከብ ሙሉ ስብከት ሰበኩለት። የወይዘሮ ሳልሚነን ወጥ ቤት ገባና የዓሣ ሾርባ እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ ነገረችው። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ልምምድ ላይ ደረሰና መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ሰማ። አንድ ሙሉ ጠዋት አንዲት ላም መንገድ ዘግታ ቆመች፤ ላሟም ከነእናቷና ከነአያቷ ስም ነበራት። ሬይኖ በየቀኑ ምሳውን በልቶ፣ «የት ደረሰ?» ይላል። ቬርና ታነባለች። ይስቃል፣ ይናደዳል። «ኧረ ታፋዋን ገፍቶ ይለፍ!» ይላል ላሟን። ግን ይቀመጣል። ከወንበሩ አይነሳም።

ሉአን ነገሩን አታውቅም። የምታየው ቁጥሩን ነው። የቬርና ቃል ከሁላችንም በልጦ ሲሄድ እያየች፣ «እናንተ ሰነፎች፣ ቬርናን እዩ! ልጁ ገና መንደር አልወጣም፣ እሷ ግማሽ መጽሐፍ አልፋለች! እንዲህ ነው እንጂ!» ትላለች። ቬርና ፈገግ ትልና ብስኩቷን ለሬይኖ ትወስዳለች።

ወሩ ከተጋመሰ በኋላ አደኑ የደራበት ሰሞን ነው። ብርዱ ከበረታ ሰንብቷል፤ ሐይቁን ዳር ዳሩን በረዶ ይዞት መሐሉ ገና ጥቁር ውሃ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ሁላችንም ደክሞን ነበር። እኔ እንኳ መርማሪዬ ሁሉን ነገር ሁለቴ ሰምቶ የሚጠይቀው አጥቶ ነበር። ሉአን ቃጭሏን አነሳች።

«አንድ ዘዴ ቀርታኛለች፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት» አለች። «ዛሬ የሁላችሁም ሰው አንድ ነገር ይጥፋበት። ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ጥርስ፣ የፈለጋችሁትን። ይፈልገው! ፍለጋ ቃል ይበላል እናቶቼ፤ አልጋ ሥር፣ መንገድ ዳር፣ ሰው መጠየቅ፣ ተመልሶ መሄድ። ያገኘች ተሸነፈች!»

ሳቅን፤ ጻፍን። የኔ መርማሪ ጥርሱ ጠፋበት። ቬርና ቀና ሳትል ስትጽፍ ዋለች። ሲቆጠር ከወሩ ሁሉ የበለጠ የጻፈችው ያን ቀን ሆነ፤ ሉአን ተነስታ አጨበጨበችላት። «ምኑ ነው የጠፋበት?» አለቻት።

«ጓንቱ» አለች ቬርና። «አንዱ።»

ከሰዓት እኔም እነሱ ቤት ነበርኩ፤ ሹራቤን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ። ቬርና አነበበች። ዌንደል እናቱ የሠራችለት ቀይ ጓንት አንዱ ወድቆበት ወደ ኋላ ተመለሰ። ድልድዩ ሥር ፈለገ። ላሟን ፈለጋት፤ በልታው ይሆን? ኡርሆን ጠየቀ፤ ኡርሆ «ምን ጠፋብህ?» አለ። ጥሩ ነበር፤ እኔ ሳቅሁ። ሬይኖ ግን አልሳቀም።

«እጁ ባዶ ነው?» አለ።

«አንዱ ብቻ ነው። ያገኘዋል» አለች ቬርና።

«በዚህ ብርድ?»

«ታሪክ ነው እኮ ሬይኖ። ነገ ያገኘዋል።»

«ነገ» አለ። ወደ መስኮቱ አየ። መጠየቁን ሲተው ደስ አለን፤ የተረጋጋ መሰለን። ቬርና ልብስ ልታወጣ ምድር ቤት ወረደች፤ እኔም እሳት ላይ የጣድኩት ትዝ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተሻገርኩ። ስመለስ ቬርና በሩ ላይ ቆማለች። ካፖርቱ መስቀያው ላይ አለ። እሱ የለም።

ልጆቼ፣ ከተማው ውስጥ አንድ ወንድ ቢኖር! በየበሩ ደወልን፤ የሚከፍቱት ሴቶች ናቸው። መኪና ያላቸው ወንዶች ሁሉ ጫካ ናቸው። ቬርና «ሬይኖ!» እያለች በበረዶው ላይ በቤት ጫማዋ ትሮጣለች፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ከኋላዋ። ለፖሊስ ደወልን፤ እሱም አውራ ጎዳናውን ሊፈትሽ ሄደ፤ ከዚህ ቀደም ያገኘው እዚያ ነዋ። ሬይኖ ግን የሄደው ወደ አውራ ጎዳናው አልነበረም። የሄደው ልጁ ወደሚሄድበት ነበር።

ከጫካ የሚመለሱ ሁለት አዳኞች ናቸው ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ማውረጃው ጋ ያገኙት። አንድ እግሩ ጠልቆ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤ ዳሩ ላይ ተንበርክኮ ይጣራ ነበር አሉ። በሸሚዝ ብቻ። እጁን ደረቱ ውስጥ ከትቶ ሊያወጣ እምቢ አለ። በግድ ሲያወጡት ቀይ ጓንቶች ናቸው፣ ጥንዱም፣ ከዌንደል መሳቢያ። ደረቱ ላይ ሲያሞቃቸው ነበር። የራሱ እጅ ባዶ።

«ቀስ አድርጋችሁ ውሰዱለት፤ እንዳይቀዘቅዝበት» ብሏቸዋል።

አልሞተም። ዱሉት ከተማ ሆስፒታል ወስደው ብርድ የገደላቸውን ሦስት የእጅ ጣቶቹን ቆረጡለት። ጆዲ ደረሰች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እናትና ልጅ ቆሙ።

«እማዬ፣ ተነጋግረን ነበር» አለች ጆዲ።

«ታሪኩ ነው። ጓንቱን ባልጥለው ኖሮ አይወጣም ነበር። ሌላውን ቀን ሁሉ ተቀምጧል፤ አይሊን ጠይቂያት።»

ጠየቀችኝ፤ በዓይኗ። እኔም፣ «ተቀምጧል ጆዲ፤ አልዋሸችሽም» አልኩ።

«እና ነገ ምን ልትጽፊ ነው?» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «ከነገ ወዲያስ? እስከ መቼ ነው መንገድ ላይ የምታቆሚው? የእኔም ወንድም ነው እኮ። እስከ መቼ?»

በሳምንቱ ሬይኖ የአረጋውያን ቤት ገባ።

ሉአን ድንችና ሥጋ በምድጃ ጋግራ ይዛ ለጥየቃ መጣች። ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ ሳህኑን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነው ቬርናዬ፤ ጨዋታ መስሎኝ።»

«ጨዋታ ነው እኮ» አለቻት ቬርና። ሳህኑን ተቀበለቻት፣ አስገባቻት፣ ሻይ ቀዳችላት። ስታጽናና የነበረችው እሷ ናት። ቬርና እንዲህ ናት።

ወሩ ሲያልቅ ቤተ መጻሕፍቱ ኬክ ቆረጥን። እኔ ሃምሳ ሺሁን ሞላሁ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ቬርና አልመጣችም። ቃሏ ድሮ ሞልቶ ነበር፤ ግን ሉአን ደውላ «ስምሽን ከጨረሱት ጋር ላስገባው?» ስትላት፣ «አልጨረስኩም» ብላ ዘጋችው።

አደኑ አብቅቶ ወንዶቹ ከተመለሱ በኋላ፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን መኪና ተውሼ ወደ ሬይኖ ወሰድኋት። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ይሞቃል፤ ነርሶቹም ደጎች ናቸው፣ ምን ይባላል። ሬይኖ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፣ እጁ በፋሻ። ፀጉሩን ለሁለት ከፍለው አበጥረውለታል፤ እንዲያ አበጥሮ አያውቅም ነበር። ቬርና ወረቀት አወጣች።

መኪና ውስጥ ሳለን ነግራኝ ነበር። «ጻፍኩት አይሊ። ወደ ቤት መለስኩት። አሁን ሬይኖ ተነስቶ የሚከፍተው ክፍል የለም፤ አልጋውን አያይም። አሁን መመለስ ይችላል።»

አነበበችለት። ኡርሆ የለም፣ ላም የለም፣ ስብከት የለም። አጭር ነበር፤ እንዲያ አጭር ነገር ጽፋ አታውቅም። ልጁ መንገዱ መሐል ቆሞ ብርዱን አየና፣ ዛሬስ ይቅር አለ። ዞረ። በቤቱ መስኮት መብራት ይታያል። ጫማውን ደጃፉ ላይ አራገፈ። እናቱ «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አላት። አባቱ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «መጣህ?» አለው። «መጣሁ» አለ። ገባ፤ በሩን ዘጋ።

እዚያ ላይ አቆመች። ድምጿ አልተሰበረም፤ እኔ ግን ዞር ብዬ መጋረጃውን አስተካከልኩ።

ሬይኖ በጥሞና ነው የሰማት። እንግዳ ሰው ደግ ነገር ሲነግረን እንደምንሰማው፣ በትሕትና፣ አንገቱን እየነቀነቀ።

«ጥሩ ታሪክ ነው» አለ። «ልጁ የማን ነው?»

ቬርና ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ ትነግረዋለች ብዬ ነበር። አየችው፤ ዓይኑን፣ የተበጠረ ፀጉሩን።

«የጎረቤት ነው» አለችው።

«እንኳን ገባ» አለ ሬይኖ። «እናቱ ደስ ብሏት ይሆናል።»

«አዎ» አለች ቬርና። «ደስ ብሏታል።»

ነርሷ የምሳ ትሪ ይዛ ገባች። ቬርና ወንበሯን አስጠግታ፣ ጣቶቹ መያዝ ስለማይችሉ፣ ማንኪያውን አነሳችለት።